የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂ፦ አመሠራረቱ፣ አሿሿሙና አሠራሩ

1. የተቋሙ ምንነትና የሐሳቡ ምንጭ

የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂ ማለት በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ ተማሪ፣ መምህር ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ በደል ደረሰብኝ ሲል አቤቱታውን ያለ ፍርሃት የሚያቀርብለት፣ ለአቤት ባዩም ለአስተዳደሩም ሳይወግን ነገሩን የሚያጣራ ወይም ባለጉዳዮቹን የሚያቀራርብ፣ ሆኖም የማንንም ውሳኔ በራሱ ሥልጣን ሊሽር የማይችል ሹም ነው። ይህ ሹም ዲኑን አያዝም፣ ውጤት አይቀይርም፣ የተባረረ ተማሪ አይመልስም፤ በእጁ ያለው መጠየቅ፣ መዝገብ መመልከት፣ መምከርና ያየውን በዘገባ ማውጣት ብቻ ነው። ማዘዝ የማይችል ሹም የሚደመጠው ሰዎች ነፃነቱን ሲያምኑበት ስለሆነ፣ የተቋሙ ታሪክ በመሠረቱ ይህን ሰው ማን ይሹመው፣ ማን ይሻረው፣ ደመወዙን ማን ይክፈለው፣ ዘገባውንስ ማን ይቀበለው የሚሉት ጥያቄዎች በየዘመኑ ምን መልስ እንዳገኙ የሚናገር ታሪክ ነው።

ሐሳቡ የመነጨው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳይሆን ከስዊድን መንግሥት ነው (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሕጎችና ክንውኖች ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል)። ንጉሥ ካርል 12ኛ በ1709 በፖልታቫ ጦርነት በሩሲያ ተሸንፎ በኦቶማን ግዛት በስደት በቆየበት ጊዜ፣ እሱ በሌለበት የአገሩ ዳኞችና ሹማምንት ሕግ አክብረው መሥራታቸውን የሚቆጣጠርለት ከፍተኛ እንደራሴ እንዲሾም በ1713 አዘዘ። ያ እንደራሴ የንጉሡ ዓይንና ጆሮ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ንጉሥ ጉስታቭ 4ኛ አዶልፍ ከዙፋኑ በተወገደበት በ1809 የወጣው የመንግሥት መተዳደሪያ ሕግ ግን ከዚያ የተለየ ሹም አቋቋመ፤ ይህኛው በፓርላማው የሚመረጥ ሲሆን የሚቆጣጠረውም የንጉሡን ዳኞችና ሹማምንት ነበር። ሁለቱም የሚጠብቁት የሕግን መከበር ሆኖ ሳለ፣ ሿሚው በመለወጡ ብቻ አንደኛው የገዥው መሣሪያ፣ ሌላው የተገዥው ከለላ ሆኑ። በኋላ በዩኒቨርሲቲዎች የተነሣው ክርክር ሁሉ ይህንኑ ልዩነት ተከትሎ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ተቋሙ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በስዊድን ብቻ ከቆየ በኋላ ፊንላንድ በ1919 ሕገ መንግሥቷ ተቀበለችው፤ ዴንማርክ በ1955 ሥራ አስጀመረችው፤ በ1962 ደግሞ ኖርዌይና ኒው ዚላንድ ተከተሉ። ኒው ዚላንድ ተቋሙን በመውሰድ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የመጀመሪያዋ በመሆኗ፣ ሐሳቡ በካናዳና በአሜሪካ ፖለቲከኞችና ምሁራን ዘንድ መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

2. ዩኒቨርሲቲዎችን ወደዚህ ያደረሰው ችግር

በሰሜን አሜሪካ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ኮሌጅ ተማሪውን በወላጅ እግር ተተክቶ ያስተዳድራል የሚል የቆየ እሳቤ ነበር፤ በዚህ እሳቤ መሠረት ተቋሙ ተማሪን ሲቀጣም ሆነ ሲያባርር አባት ልጁን ከመገሠጽ የተለየ ነገር እንዳደረገ አይቆጠርም ነበር፤ ፍርድ ቤቶችም በጉዳዩ ብዙ አይገቡበትም ነበር። ይህ አስተሳሰብ የተሰበረው በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ውስጥ ነው። በ1960 በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ለነጮች ብቻ በተከለለ ምግብ ቤት ተቀምጠው አድልዎውን የተቃወሙ የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች ክሱ ሳይነገራቸውና ሳይሰሙ ከትምህርታቸው ተባረሩ፤ ጉዳዩም ዲክሰን በአላባማ ትምህርት ቦርድ ላይ በሚል ስም ወደ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1961 የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ተብሎ ተወሰነ። ተማሪው መብት ያለው ሰው መሆኑ በሕግ ሲታወቅ፣ መብቱ ሲጣስ ማንን ይጠይቅ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ።

ሁለተኛው ምክንያት የዩኒቨርሲቲዎች መግዘፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዳንድ ግቢዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ማስተናገድ ጀመሩ፤ መምህሩና ተማሪው በስም የማይተዋወቁበት፣ አንድ ጉዳይ በሬጅስትራር፣ በገንዘብ ክፍል፣ በመኝታ አስተዳደርና በትምህርት ክፍል መካከል የሚንከራተትበት ዘመን መጣ። በ1964 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተቀሰቀሰው የመናገር ነፃነት እንቅስቃሴ የፖለቲካ ጥያቄ ያነገበ ቢሆንም፣ ከጥያቄው ሥር ሰሚ አጣን የሚል ምሬት ነበረበት። አቤቱታ ወደ አመፅ ሳይለወጥ የሚደመጥበት በር መክፈት ለአስተዳደሮችም ቢሆን ጥቅሙ ግልጽ እየሆነ የመጣው ያኔ ነው።

3. የመጀመሪያዎቹ ጽሕፈት ቤቶች

በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት የተከፈተው በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በሚገኘው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዘመኑም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማስተማር የጀመረበት 1965 ነው። የተቋሙ ጠንሳሾች አስተዳዳሪዎች ሳይሆኑ የተማሪዎች ማኅበር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተበዳይ ሊሆን የሚችለው ወገን የራሱን ጠባቂ ያቆመበት ሁኔታ ነውና። ቆየት ብሎ ወጪው ዩኒቨርሲቲውና የተማሪዎቹ ማኅበራት በጋራ የሚሸፍኑት ሆነ፤ ይህም ሁለቱም ወገኖች የኛ ነው ሊሉት የሚችሉትን፣ አንዳቸው ግን ብቻቸውን ሊዘጉት የማይችሉትን ጽሕፈት ቤት ለመፍጠር ያስቻለ ዘዴ ነበር።

በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1967 የተለየ አቅጣጫ ያዘ። በዚያ ዓመት የጸደቀው የተማሪዎችን የትምህርት ነፃነት የሚመለከት ሰነድ እንባ ጠባቂ እንዲሾም የደነገገ ሲሆን፣ ለሥራው የታጨውም ከነባር ፕሮፌሰሮች መካከል የተመረጠ፣ ሹመቱን ከፕሬዚዳንቱ የሚቀበል ሰው ነበር። ስለዚህ ገና ከመነሻው ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ታዩ፤ በአንደኛው ተማሪው ሿሚ ነው፣ በሌላው ፕሬዚዳንቱ። በ1975 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ጽሕፈት ቤት ሦስተኛውን አሳየ፤ በዚያ እንባ ጠባቂው የሚሾመው በዩኒቨርሲቲው የበላይ አካል በሆነው የአስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ተጠሪነቱም ለጉባኤው ሲሆን ዓመታዊ ዘገባውን ለዚያው ያቀርባል፤ አስተዳደሩም ለዘገባው መልስ ይሰጣል። የ1809ኙ የስዊድን ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ይበልጥ የሚታወቅበት መልክ ይህ ነው።

ሹማምንቱ በየግቢያቸው ብቸኞች ነበሩ፤ የሚሠሩት ሥራ ከየትኛውም የዩኒቨርሲቲ መደብ ጋር ስለማይገጥምና ምሥጢሩን ለባልደረባ ማካፈል ስለማይቻል፣ እርስ በርስ መገናኘት ግድ ሆነባቸው። የካሊፎርኒያ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂዎች ስብስብ በ1973፣ የካናዳው ማኅበር በ1983፣ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ እንባ ጠባቂዎች ማኅበር በ1985 ተመሠረቱ፤ ይህ የመጨረሻው በ2005 በኩባንያዎች ውስጥ ከሚሠሩ እንባ ጠባቂዎች ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ዓለም አቀፉን የእንባ ጠባቂዎች ማኅበር አስገኘ። ውሕደቱ የሙያውን የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ከማድረጉም በላይ፣ የዩኒቨርሲቲው ሹም ከኩባንያው ሹም ብዙ ልማድ እንዲወርስ አደረገ።

4. ሁለቱ የአሠራር ዓይነቶች

ከዚህ ውርስ የተነሣ ዛሬ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ነባሩ ወይም መርማሪው ሲሆን፣ አቤቱታ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ሰነድ አስመጥቶ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቶ ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ግኝትና የውሳኔ ሐሳብ ያወጣል። ሁለተኛው በአሜሪካ የበረከተው የተቋም ውስጥ እንባ ጠባቂ ነው፤ ይህ ምርመራ አያካሂድም፣ ማን እንዳጠፋ አይፈርድም፤ አቤት ባዩ ያሉትን መንገዶች እንዲያውቅ ይረዳዋል፣ ሲፈቀድለት ወገኖቹን ያቀራርባል፣ ተደጋግሞ የሚታይ ችግርን ደግሞ ስም ሳይጠራ ለበላይ አመራር ያመለክታል። ዓለም አቀፉ ማኅበር ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ያስቀመጣቸው አራት መርሆዎች ነፃነት፣ ገለልተኛነት፣ ምሥጢር ጠባቂነትና ኢመደበኛነት ናቸው፤ ኢመደበኛነት ማለት ጽሕፈት ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው የይግባኝና የዲሲፕሊን ሥርዓት ውጭ መቆሙና ወደዚያ መሄድም የግድ አለመሆኑ ነው።

ምሥጢር መጠበቁ በሕግ ፊት ሁልጊዜ የጸና አይደለም። በ1997 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ካርማን በማክዶኔል ዳግላስ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የኩባንያ እንባ ጠባቂ ዘንድ የተነገረ ቃል በሕግ የተጠበቀ ምሥጢር ነው የሚለውን መከራከሪያ ሳይቀበለው ቀርቷል። ውሳኔው የተሰጠው በኩባንያ ጉዳይ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎችንም አሳስቧል፤ በተለይ ጾታዊ ጥቃትን የሚመለከት ቃል የሰማ ሠራተኛ ሁሉ ለተቋሙ ያሳውቅ በሚሉ ደንቦችና የእንባ ጠባቂው በር በምሥጢር ይከፈት በሚለው መርህ መካከል ያለው ውጥረት እስካሁን አልበረደም። ምሥጢሩ የማይጠበቅ ከሆነ የሚፈራው ሰው አይመጣም፤ ሁሉም ነገር በምሥጢር ከተያዘ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀው በደል አይኖርም።

5. በሕግ የጸናው ተቋም

በሰሜን አሜሪካ ተቋሙ የቆመው በየዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች ግን ሌላ መልክ ይዟል፤ በአንዳንዶቹም ሕግ አውጪው ገብቶበታል። የሜክሲኮ ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ መብቶች ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱን በ1985 አቋቋመ። ስፔን በ2001 በወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕጓ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ ጠባቂ እንዲኖረው ስታስገድድ፣ ጠባቂው ከየትኛውም የዩኒቨርሲቲ አካል ትእዛዝ እንደማይቀበል በሕጉ አስፍራለች። ጀርመን የገባችው በሌላ በር ነው፤ በ1997 ይፋ በወጣ ከባድ የምርምር ማጭበርበር ምክንያት የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን በ1998 ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ሥነ ምግባርን የሚመለከት ጥቆማ የሚቀበል ገለልተኛ ሰው እንዲሰይሙ ጠየቀ፤ ከገንዘብ ድጋፉ ጋር ስላያያዘውም ተቋሙ በፍጥነት ተስፋፋ።

የእንግሊዝ መንገድ ከሁሉም ይለያል። በዚያ ለዘመናት የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻ አቤት ማለቻ ንጉሣዊ ሥልጣን ወይም ጳጳስ ሊሆን የሚችል «ጎብኚ» የሚባል የክብር ዳኛ ነበር። በ2004 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የተማሪን አቤቱታ ከጎብኚው ወስዶ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ ውጭ ለቆመ አንድ ገለልተኛ አቤቱታ መርማሪ መሥሪያ ቤት ሰጠ፤ ይህም የእንግሊዝንና የዌልስን ተማሪዎች ያገለግላል። በየግቢው አንድ ሹም ከመሾም ይልቅ ለአገር አንድ መሥሪያ ቤት ማቆም ነፃነቱን ያጠነክረዋል፤ በዚያው ልክ ግን ተማሪው የውስጥ ቅሬታውን ሁሉ ጨርሶ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ወራት ሊያልፉና ጉዳቱ ሥር ሊሰድድ ይችላል። በ2003 የተመሠረተው የአውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት እንባ ጠባቂዎች መረብ እነዚህን የተለያዩ ልማዶች የሚያወዳድር መድረክ ሆኗል።

6. አዲስ እንባ ጠባቂ የሚሾምበት ሥርዓት

ነባሩ እንባ ጠባቂ ዘመኑን ሲጨርስ ወይም ሲለቅ የሚከፈተው ክፍት ቦታ ከሌላ የሥራ መደብ ክፍት ቦታ ይለያል፤ የሚተካው ሰው ነገ አቤቱታ ሊቀርብበት የሚችለው አመራር ዛሬ በመምረጡ ሥራ ላይ የሚቀመጥበት ነውና። ይህን ግጭት ለማለዘብ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች፣ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች የተወከሉበት አፈላላጊ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴው ቦታውን በግልጽ ያስታውቃል፣ ዕጩዎችን ያወዳድራል፣ አንዳንድ ቦታም ዕጩዎቹ በዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ፊት ቀርበው እንዲጠየቁ ያደርጋል፤ ከዚያም የተመረጠው ዕጩ ስም ለሿሚው አካል ይተላለፋል። በስፔን ደግሞ አመራረጡን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ሲሆን፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች በተወከሉበት የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ድምፅ መመረጥ የተለመደ ነው። ተጠባባቂ ሰይሞ ቦታውን ያለ ቀነ ገደብ ማቆየት ግን ጽሕፈት ቤቱን ሳይዘጉ ማድከም ነው፤ ተጠባባቂ የሆነ ሰው የሚሾመውን አካል ሲመረምር ዘወር ብሎ ማየቱ አይቀርምና።

ለቦታው ምን ዓይነት ሰው ይገባል የሚለው ክርክር ከሚሺጋኑ ሹመት ጀምሮ አላቋረጠም። ከነባር ፕሮፌሰር መሾም ሁለት ጥቅም አለው፤ ሰውየው የግቢውን ሕግና ልማድ ያውቃል፣ ቋሚ የመምህርነት መብት ስላለውም ሹመቱን ቢያጣ ወደ ክፍሉ ከመመለስ ያለፈ ነገር አይደርስበትም። ጉዳቱ ደግሞ በመምህር የተበደለ ተማሪ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ ይፈረድልኛል ብሎ ለማመን መቸገሩ ነው። ከውጭ የሚመጣ የሕግ፣ የግልግል ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይህ ጥርጣሬ አይከተለውም፤ ሆኖም የውጤት ቅሬታ በየት አልፎ የት እንደሚደርስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአማካሪው ጋር ያለው ግንኙነት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለመማር ጊዜ ይወስድበታል፤ ኑሮውም በሹመቱ ላይ የቆመ ስለሆነ የውሉ መታደስ ያሳስበዋል። ከሁለቱ የትኛውም ይመረጥ፣ ሹሙ ጎን ለጎን ሌላ የአስተዳደር ሥልጣን መያዝ የለበትም በሚለው ላይ ግን ሰፊ ስምምነት አለ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነ እንባ ጠባቂ ሊኖር አይችልም።

ከሰውየው ማንነት ይልቅ የሹመት ደብዳቤው ይዘት ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደብዳቤው ወይም ማቋቋሚያ ሰነዱ የሥራ ዘመኑን በዓመት ካልወሰነ ሹሙ የሚቆየው በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከሥራ የሚነሣበትን ምክንያት በግልጽ ካልዘረዘረ አንድ የማይመች ዘገባ ለመሰናበት ይበቃል፤ የራሱን በጀት ካልመደበ፣ መዝገብ የማየት መብቱን ካላረጋገጠና ወደ እሱ የሄደን ሰው መበቀል ጥፋት መሆኑን ካልደነገገ፣ የቀረው ክፍል መልካም ምኞት ብቻ ይሆናል። የጽሕፈት ቤቱ ቦታ እንኳ ይታሰብበታል፤ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ አጠገብ ከሆነ ተማሪው ማን እያየው እንደሚገባ ያስባል።

ርክክቡም የራሱ ሥርዓት አለው። ምሥጢሩ የተጠበቀው ለሰውየው ሳይሆን ለአቤት ባዩ ስለሆነ፣ ተሰናባቹ እንባ ጠባቂ ያልተዘጉ ጉዳዮችን ለተተኪው የሚያስተላልፈው ባለጉዳዮቹን አስፈቅዶ ነው፤ በተቋም ውስጥ እንባ ጠባቂዎች ዘንድ ደግሞ ማስታወሻን ጉዳዩ ሲያልቅ ማጥፋት የተለመደ በመሆኑ ተተኪው የሚረከበው በዓይነት የተከፋፈለና ስም የሌለው የጉዳይ ብዛት ብቻ ሊሆን ይችላል። በውጤት አሰጣጥ፣ በአማካሪና ተማሪ ግንኙነት፣ በክፍያ፣ በመኝታ ቤትና በዲሲፕሊን ላይ የቀረቡት አቤቱታዎች ስንት እንደሆኑ የሚያሳየው ይህ ቁጥር በዓመታዊ ዘገባው ይወጣል። አንድ የትምህርት ክፍል በየዓመቱ ተደጋግሞ ሲታይበት፣ አዲሱ ሹም የማንንም ስም ሳያነሣ ደንቡ ይለወጥ ለማለት የሚያስችለው ማስረጃ ያገኛል።

7. በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

በኢትዮጵያ ተቋሙ በአገር ደረጃ የሕገ መንግሥት መሠረት አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን ማቋቋም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሰጠ ሲሆን፣ ተቋሙም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል፤ አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 ተሻሽሏል። ዋና እንባ ጠባቂው በዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ ተጠቁሞ በምክር ቤቱ የሚሾም ሲሆን፣ አስፈጻሚ አካላት የሚሰጡት ውሳኔ የዜጎችን መብት የማይጥስ መሆኑን ይቆጣጠራል፤ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመረጃ ነፃነትን የመከታተል ኃላፊነት ተጨምሮለታል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተዳደራዊ በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው የግቢውን በሮች ካንኳኳ በኋላ አቤት የሚልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

በግቢ ውስጥ ግን የተማሪው ቅሬታ የሚሄደው በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ሥር ከመምህሩ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ዲኑና ከዚያ በላይ ነው፤ በእያንዳንዱ እርከን ቅሬታውን የሚሰማው ቀድሞ የተወሰነውን ውሳኔ ያጸደቀ ወይም ከወሳኙ ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ተማሪዎች በምደባ ከጎንደር ጅማ፣ ከሐዋሳ ባሕር ዳር ስለሚሄዱ፣ ብዙዎቹ ከዘመድና ከሚያማልድላቸው ሰው ርቀው ነው ይህን መሰላል የሚወጡት። የአገሩ የሽምግልና ልማድ ለኢመደበኛው እንባ ጠባቂ የቀረበ ቢሆንም፣ ሽማግሌ በሁለቱ ባለጉዳዮች ፈቃድ ጠብ ሲነሣ የሚቀመጥ ሲሆን፣ እንባ ጠባቂ ግን ጠቡ ከመነሣቱ በፊት በአንደኛው ባለጉዳይ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው፣ የተሾመ ነው። ሽማግሌው በመመረጡ የሚያገኘውን አመኔታ እንባ ጠባቂው ማግኘት የሚችለው ሹመቱ ላይ ተማሪውም ድምፅ ሲኖረው ነው።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መውጣቱ የግቢ እንባ ጠባቂ የመሾምን ጥያቄ አቅርቦታል። ገንዘቡን፣ ቅበላውንና የሠራተኛ ቅጥሩን በራሱ የሚወስን ዩኒቨርሲቲ የሚወስናቸው ውሳኔዎች በበዙ ቁጥር በደል የሚፈጠርበት አጋጣሚም ይበዛል፤ የሚኒስቴሩ እጅ በላላበት መጠን የውስጥ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት የተጀመረውን የመውጫ ፈተና የመሰለ፣ ከግቢ ውጭ የሚዘጋጅ ጉዳይ ላይ የግቢ እንባ ጠባቂ ሊያደርግ የሚችለው ተማሪውን ወደ ትክክለኛው በር ከመምራት አያልፍም። በውጤት፣ በምክር አገልግሎት፣ በመኝታ ቤትና በዲሲፕሊን ጉዳይ ግን አቤቱታ የሚሰማ ሹም የማቆም ሥልጣኑ በዩኒቨርሲቲው ቦርድ እጅ ነው፤ ቦርዱ ሹሙን ራሱ ሹሞ፣ የሥራ ዘመኑን ወስኖ፣ ዘገባውን ከፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ከሹሙ እጅ ለመቀበል አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻውም።